አላባማ? ብለሽ እንዳትደነግጪ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? ዝምታችን ረዘመ። ኑሮ ነው መቼም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዛሬ የጻፍኩልሽ ልጅሽ አስራ አንደኛ ክፍል ገባ ሲሉኝ ነው። ያ ዳይፐር የቀየርንለት ፍጥረት!

የእኔዋ ትልቋ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ገባችልሽ። አዎ፣ አላባማ። አባቷ መጀመሪያ ሲሰማ "ከሜሪላንድ ተነስታ? ጥቁር ልጅ ይዤ አላባማ?" ብሎ ቤቱን አናወጠው። አልፈረድኩበትም። የአላባማ ገዥ ጆርጅ ዋላስ በ1963 ጥቁር ተማሪዎች እንዳይገቡ አዳራሽ በር ላይ የተገተረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ልንጎበኝ የሄድን ዕለት ባለቤቴ በቀጥታ የወሰደን ወደዚያ አዳራሽ ነበር። አጠገቡ አሁን በኦተሪን ሉሲ ስም የተሰየመ የሰዓት ማማ ቆሟል። በ1956 የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ሆና ገብታ፣ ነጮች ረብሻ ሲያስነሱ እሷን ነው ያባረሩት። ማማው ሥር ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና "በሉ፣ ዶርሙን እንይ" አለ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደዚያ የጎተተን ብሩ ነው። እኛ ለእርዳታ ሀብታም፣ ለክፍያ ድሃ ነን። ሰሜን ምሥራቅ ካሉት የግል ኮሌጆች ብዙዎቹ ለዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ይላሉ። አላባማ ግን ዌብሳይቱ ላይ ሰንጠረዥ አለው። ጂፒኤውን (የትምህርት ቤት አማካይ ውጤቱን) እና የኤስኤቲ መግቢያ ፈተና ውጤቱን ታያይዢና ስንት እንደሚሰጡ ገና ሳታመለክቺ ታውቂዋለሽ። ይሰጡን ይሆን እያሉ መሳቀቅ የለም።

ቸር ሆነው እንዳይመስልሽ። ንግድ ነው። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ግዛቶች ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው የሚሰጡትን በጀት ቆረጡ። አላባማ ውስጥ የአገሬው ልጅ በዓመት 12,000 ዶላር ገደማ ሲከፍል ከሌላ ግዛት የመጣው ከ30,000 በላይ ይጠየቃል። ግማሹን ቢቀንሱለት እንኳ ከአገሬው ልጅ ይበልጣል። ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ስማቸውን ከፍ ያደርግላቸዋል። አሁን ከተማሪው ከግማሽ በላይ ከሌላ ግዛት የመጣ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ የኢሊኖይ፣ የኒው ጀርሲ፣ የካሊፎርኒያ ታርጋ ተደርድሮ አየሁ።

ልጆቹን ብትጠይቂ ስለ ብር አያወሩም። ፀሐዩን፣ አዲሱን ዶርም፣ ኳሱን (የአሜሪካኑን ፉትቦል ማለቴ ነው) ነው የሚነግሩሽ። የቀድሞው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ከ2007 ጀምሮ በ2024 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያ ሆኖ 6 ጊዜ ብሔራዊ ዋንጫ በልቷል። ስታዲየሙ 100,000 ሰው ይይዛል፤ ከተማውን በሙሉ ሊውጥ ምንም አልቀረው። የእኔዋ በሳምንቷ ስልክ ስታነሳ "ሮል ታይድ!" አለችኝ፣ የቡድኑ መፈክር ነው። ሶሮሪቲ የሚባለውን የሴት ተማሪዎች ማኅበር ጣጣ ስንገናኝ አወራሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ከግዛቱ ሕዝብ ከሩብ በላይ ጥቁር ነው፣ ካምፓሱ ላይ ግን ከአስር አንድ ገደማ ቢገኝ ነው። ለእኛ ልጅ የተሰጠው ብር ለአንዲት የሞንትጎመሪ (የግዛቱ ዋና ከተማ) ደሃ ልጅ ቢሰጥስ እላለሁ። ስኮላርሺፑን ግን እምቢ አላልንም።

ደቡብ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። የእናንተው ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ለሌላ ግዛት ልጅ ከ10 በመቶ በላይ ቦታ አይሰጥም፣ የሰሜን ካሮላይናው ቻፕል ሂል ዩኒቨርሲቲም 18 በመቶ ላይ ያቆማል። ልጅሽ ቴክሳስ ስለሆነ ኦስቲንን ይሞክር፣ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው። ካልሆነ ግን አላባማን አትናቂ። ፒኤስኤቲውን (የኤስኤቲ ቅድመ ፈተናውን) በኦክቶበር በደንብ ይዘጋጅበት፤ በዚያ ፈተና የሚጀምረው የናሽናል ሜሪት ውድድር ፋይናሊስት ከሆነ እዚያ የትምህርት ክፍያውንም የዶርሙንም ለዓመታት ይሸፍኑለታል። ስኮላርሺፕ ከተሰጠው ደግሞ ጂፒኤው ከስንት ከወረደ እንደሚነጥቁት ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ።

ውጤቱን ላኪልኝና ሰንጠረዡን አብረን እናየዋለን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፣ ስልክሽን ሳይለንት አታድርጊው።

ያንቺው