«ለወረቀት ይህን ያህል ገንዘብ?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ለወረቀት ይህን ያህል ገንዘብ ይወጣል? በዚያ ብር እኮ የቤቱ ጣሪያ ይታደስ ነበር» ሲሉኝ፣ መስመሩም እየተቆራረጠ ስለነበር በችኮላ መመለሱን ትቼ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ላስረዳዎ አሰብሁ። እህቴ «የልጆች መጽሔት ሥዕል በመኪና ዋጋ ገዛ» ብላ የነገረችዎ የተጋነነ ነው። የከፈልሁት እዚህ አገር ሰው ለአንድ ጥሩ ቴሌቪዥን ከሚያወጣው ብዙም አይበልጥም።

የገዛሁት መጽሔቱን አይደለም። መጽሔቱማ ብዙ ሺህ ቅጂ ታትሞ በየሱቁ በሳንቲም ይሸጥ የነበረ ነው። እኔ የገዛሁት መጽሔቱ ከመታተሙ በፊት ሠዓሊው በእጁ የሳለበትን ካርቶን ነው። እርስዎ መሥሪያ ቤት ሳሉ በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በሮትሪንግ ብዕር ያወጡት የነበረው ንድፍ፣ ከእርሱ ተባዝቶ ለኮንትራክተሩ ከሚላከው ብሉ ፕሪንት ጋር ያለው ልዩነት ማለት ነው፤ ለግንበኛው ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ለእርስዎ ግን አንድ አልነበሩም።

በአሜሪካ የሱፐርሂሮ ኮሚክ፣ ማለትም ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ታሪክ በተከታታይ ሥዕል የሚነገርበት መጽሔት፣ ሥራ አንድን ገጽ አንድ ሰው ብቻውን የሚጨርሰው ከስንት አንዴ ነው። አንዱ በእርሳስ ይስላል፤ ሌላው የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በእጁ አሳምሮ ይጽፋል፤ ሦስተኛው የእርሳሱን መስመር በብሩሽና በብዕር እየተከተለ በጥቁር ቀለም ያደምቀዋል። ቀለማቱ በሌላ ወረቀት ላይ ተጠቁመው በሕትመት ጊዜ ስለሚጨመሩ ዋናው ካርቶን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ እህቴ ፎቶውን አይታ «ቀለሙን ማን በላው?» ያለችኝም ለዚሁ ነው። ካርቶኑ 28 በ43 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ከታተመው መጽሔት በጣም ይተልቃል፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 1967 ገደማ ደግሞ ከዚህም በሰፋ ካርቶን ላይ ነበር የሚሳለው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

የእኔው ገጽ በ1970ዎቹ የተሳለ ነው። ዝነኛ አይደለም፤ ጀግናው በሌሊት በሕንፃ ጣሪያዎች ላይ ሰው ሲያሳድድ የሚያሳይ፣ ስድስት ክፍሎች ያሉት ተራ ገጽ ነው። ነገር ግን አባባ፣ እንደ እርስዎ መስመር ማውጣት ምን ያህል ድካም እንዳለው የሚያውቅ ሰው አጉሊ መነጽር ይዞ ቢቀመጥበት ቶሎ አይነሣም። በሦስተኛው ክፍል የጀግናው ግራ እጅ መጀመሪያ ተዘርግቶ ተስሎ ነበር፤ ሠዓሊው ስላልወደደው በነጭ ቀለም ሸፍኖ በላዩ ላይ ጭብጥ አድርጎ እንደገና ስሎታል። መብራት ከጎን ሲበራበት ነጩ ቀለም እንደ ጠባሳ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ከሥሩም የቀድሞዎቹ ጣቶች በስሱ ይለያሉ። ታትሞ የወጣው መጽሔት ላይ ይህ ሁሉ የለም። በኅዳጉ ላይ «ሰማዩን አጥቁረው» የሚል ትእዛዝ በቀላል ሰማያዊ እርሳስ ተጽፏል፤ ይህ ዓይነቱ ሰማያዊ የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ስለማያነሣው እርስ በርስ የሚላላኩት በእርሱ ነበር። ዘዴው ለእርስዎም እንግዳ አይመስለኝም። ከላይ የርዕሱ ቁራጭ የተለጠፈበት ሙጫ ደግሞ ወደ ቢጫነት ተለውጦ ወረቀቱን አልፎ ወጥቷል።

ዋጋው ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄዎ አንዱ መልስ እነዚህ ገጾች ለረጅም ዘመን እንደ ቆሻሻ መቆጠራቸው ነው። አሳታሚዎቹ ከሕትመት በኋላ ምንም ስለማይፈይዱላቸው ብዙዎቹን ቀዳደው ጥለዋል። ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር በ1938 የመጀመሪያውን የሱፐርማን ታሪክ ከነመብቱ በ130 ዶላር ሸጡ፤ ሹስተር የሳለባቸው የዚያ ታሪክ ካርቶኖች ግን ዛሬ የት እንደደረሱ የሚታወቅ ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ የጃክ ከርቢ ጉዳይ ነው። በ1917 በኒው ዮርክ ከስደተኛ አይሁዳውያን ቤተሰብ የተወለደ፣ ከጆ ሳይመን ጋር ካፒቴን አሜሪካን፣ ከደራሲው ከስታን ሊ ጋር ደግሞ ፋንታስቲክ ፎርንና ሐልክን የተባሉትን የኮሚክ ጀግኖች የፈጠረ ሠዓሊ ነው። በ1970ዎቹ አሳታሚዎች ገጾቹን ለሳሏቸው ሰዎች መመለስ ጀመሩ። በ1980ዎቹ የቀድሞዎቹ ገጾች ተራ ሲደርስ ግን ከርቢ ይሠራለት የነበረው ማርቭል የተባለው አሳታሚ ሌሎቹ ሠዓሊዎች አጭር ቅጽ ፈርመው እንዲወስዱ ሲያደርግ፣ ለከርቢ ብዙ ገደብ የተዘረዘረበት ረጅም ሰነድ አቅርቦ፣ ቢፈርምም እንኳ የሚያገኘው 88 ገጽ ብቻ መሆኑን ነገረው። ከርቢ አልፈርምም አለ። የሙያ ባልደረቦቹ በአደባባይ ከጎኑ ቆሙ፤ በመጨረሻም በ1987 ወደ 2,000 የሚጠጉ ገጾች ተመለሱለት፤ ለኩባንያው የሳለው ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ነበር። ሰው እድሜ ልኩን ሠርቶ የእጁን ሥራ ለመውሰድ መለመን አለበት? ከቀሩት ገጾች ብዙዎቹ ከመጋዘን ተሰርቀው ገበያ እንደገቡ በሰብሳቢዎች ዘንድ በሰፊው ይነገራል። ስለዚህ እኔ የ1960ዎቹን ገጾች፣ አቅሙ ቢኖረኝም እንኳ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፉ በማስረጃ ካላየሁ አልነካቸውም። የእኔው ገጽ ለሠዓሊው ተመልሶለት፣ እርሱ ራሱ ወድዶ የሸጠው ነው፤ ከኋላው ፊርማው አለበት።

ስለ ትልልቆቹ ዋጋዎች እህቴ የነገረችዎ እውነት ነው። እዚህ እኔ ከምኖርበት ከጋርላንድ አጠገብ፣ ዳላስ ውስጥ፣ ሄሪቴጅ የተባለ የጨረታ ድርጅት አለ። በጥር 2022 ማይክ ዜክ በ1984 ለአንድ የማርቭል መጽሔት የሳለው፣ ስፓይደርማን ጥቁር ልብሱን ለብሶ የሚታይበት አንድ ገጽ በ3.36 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው በእርሱ በኩል ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ ይህን ዋጋ ለሥዕሉ የተከፈለ አልለውም። የከፈሉት ለልብሱ ዝና ነው፤ ከዚያ ገጽ የተሻለ የተሳለ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ሠዓሊው ኸርብ ትሪምፕ በ1974 ዎልቨሪን የተባለው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለበትን ገጽ ስሎ፣ በ1983 ለአንድ ወጣት አድናቂው በነፃ ሰጠው። ያ ሰው በ2014 ለጨረታ ሲያቀርበው 657,250 ዶላር አወጣ፤ እርሱም ከገንዘቡ ለተቸገሩ የኮሚክ ሠዓሊዎች መርጃ እንዲውል ሰጠ። በ2008 ደግሞ ስሙን እንዳይገልጹበት የጠየቀ ሰው፣ ስቲቭ ዲትኮ በ1962 የመጀመሪያውን የስፓይደርማን ታሪክ ጨምሮ የሳላቸውን 24 ገጾች ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ። ያንን ሰው ማን እንደሆነ ባውቀው እጁን እስመው ነበር።

ዛሬ ብዙዎቹ ሠዓሊዎች በቀጥታ በስክሪን ላይ ስለሚስሉ ከሥራቸው የሚቀር ካርቶን የለም፤ ስለዚህ የድሮው ከዚህ በኋላ እየቀነሰ እንጂ እየበዛ አይሄድም። ይህን የምልዎ ግን ለትርፍ ብዬ ገዛሁት ለማለት አይደለም። ዋጋው ነገ ሊወርድ ይችላል፤ የጨረታ ድርጅቱም ከሽያጩ የራሱን ድርሻ ያነሣል። ገጹን አሲድ በሌለው ፕላስቲክ ከትቼ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የማየው ልሸጠው አስቤ አይደለም።

የጣሪያው ጉዳይ ከዚህ ጋር አይያያዝም። ቆርቆሮ ከነማገሩ ስንት እንደሚፈጅ አናጢውን አስለክተው ለእህቴ ይንገሯት፤ ክረምት ሳይገባ እልካለሁ። የገጹን ጥርት ያለ ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ከሚመጣ ሰው ጋር ስለምሰድልዎ፣ የሦስተኛውን ክፍል መስመሮች አይተው ብሩሽ ይሁኑ ብዕር የእርስዎን ፍርድ ይጻፉልኝ፤ እኔ ብሩሽ ነው ባይ ነኝ።

እናቴን፣ እህቴንና ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ