ግልጽ ደብዳቤ ለዓሣ ሀብት ኃላፊ፦ የ5 ዓመቱን ኮታ ይተዉት

ለተከበሩ ኃላፊ፣

ቢሮዎ የዓሣ ኮታ የሚያወጣው ለ5 ዓመት ነው። ሰነዱ ውስጥ አንድ ለስላሳ መስመር ተሰምሯል፤ ዓሣው በየዓመቱ ስንት እንደሚሆን ቁርጥ አድርጎ ይናገራል። ጠቤ ከዚያ መስመር ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሳይንቲስቱ ሮበርት ሜይ «ኔቸር» የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ አንድ ቀላል የሕዝብ ብዛት ቀመር ጻፈ። የዘንድሮውን ብዛት ሲያስገቡ የከርሞውን ይሰጥዎታል፦ የከርሞው = የዕድገት መጠን × የዘንድሮው × (1 − የዘንድሮው)፤ ብዛቱ የሚለካው ከጣሪያው፣ ማለትም ከከፍተኛው ብዛት፣ አንጻር ነው። የዕድገት መጠኑ በ1 እና በ3 መካከል ከሆነ ብዛቱ ይረጋጋል። 3ን ሲያልፍ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። 3.57 አካባቢ ግን ኬኦስ ይጀምራል፤ ማለትም ብዛቱ ያለ ሥርዓት ይዋዥቃል፣ ትንሽ የመነሻ ልዩነትም የኋላውን ፈጽሞ ይለውጠዋል። ድርቅ የለ፣ በሽታ የለ። ቀመሩ ራሱ ነው የሚታመሰው።

እስቲ ያስሉት። የዕድገት መጠኑን 4 ያድርጉ። አንዱን ስሌት ከጣሪያው 30 በመቶ ላይ፣ ሌላውን 30.1 በመቶ ላይ ይጀምሩ። ከ10 ትውልድ በኋላ የመጀመሪያው ወደ 4 በመቶ ይወርዳል፤ ሁለተኛው 62 በመቶ ላይ ይገኛል! ለመሆኑ ባሕር ውስጥ ያለን ዓሣ በዚህ ልክ አጥርቶ የሚቆጥር ማን ነው?

የወረቀት ጨዋታ ነው እንዳይሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኬኦስ በዱቄት ጥንዚዛ ላይ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከባልቲክ ባሕር ተወስዶ በቤተ ሙከራ የተያዘ የፕላንክተን (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ማኅበረሰብ ጥናት ውጤት ታተመ። ከ6 ዓመት በላይ ሁኔታው ሳይለወጥ ቢቀመጥም ብዛቱ ሲዋዥቅ ኖረ። መተንበይ የተቻለው ከ15 እስከ 30 ቀን ብቻ ነበር።

ሁሉም ዓሣ እንዲህ ነው አልልም። የሚያሳስበኝ ግን ማስገሩ ራሱ ነገሩን ማባባሱ ነው። ከካሊፎርኒያ ዳርቻ የተሰበሰበ የረጅም ዘመን መረጃ፣ የሚሰገሩት ዝርያዎች ከማይሰገሩት ይበልጥ እንደሚዋዥቁ አሳይቷል። መረቡ ትልልቁንና አሮጌውን ይለቅማል። የሚቀረው ወጣቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ይናወጣል።

ስለዚህ ኮታውን በየዓመቱ ይከልሱት። በአንድ መስመር ፈንታ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት አብረው ያውጡ። ለትልልቆቹ ዓሦችም ከለላ ይስጡ፤ እኔ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኬኦስ ከሆነ ምንም ማወቅ አይቻልም» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባለሙያ ቢሮዎ ውስጥ አይጠፋም። አይስሙት። የቅርቡን መተንበይ ይቻላል፤ የማይቻለው የሩቁ ነው።

ቀጣዩ ኮታ ከመጽደቁ በፊት የቆጠራውን ጥሬ መረጃ ይልቀቁልን፤ ከነስህተት መጠኑ።

ከአክብሮት ጋር