«አበደርኩት» ሲልሽ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደብረ ማርቆስ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጥብቅና ፈቃድሽን ማግኘትሽን የሰማች ቀን እናትሽ በእልልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራችው። የንግድ ክርክር ላይ ልሥራ ማለትሽም ደስ ብሎኛል። ያልነገርኩሽ አንድ ነገር ግን አለ።

ጥብቅና በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ መጣ። «40,000 ብር አበድሬው ካደኝ» አለ። ያኔ 40,000 ብር ቤት ይሠራል። ወረቀት የለውም። ሦስት ምስክር ግን አለው። እኔም ቃሉን እንዳለ ተቀብዬ «የብድር ገንዘብ» ብዬ ክሱን ጻፍኩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2472 ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ተከሳሹ ካደ። ምስክሮቹ ከችሎት ደጅ ተመለሱ። ተሸነፍን።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሰውየው እየተከዘ «በርበሬውን ለጥቅምት አስረክባለሁ ብሎኝ ነበር እኮ» አለኝ። ለካ ብሩ የዕቃ ዋጋ ነው! የበርበሬ ሽያጭ የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ የለም። በሽያጭ ከስሼ ቢሆን ምስክሮቹ ይሰሙ ነበር። ይግባኝ አልን። ይግባኝ ላይ ግን በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሣ አዲስ ነገር አይነሣም።

ሰውየው አልዋሸኝም። እኛ አገር ገንዘብ ከእጅ ከወጣ ሁሉም «አበደርኩ» ነው። ለሽርክና ያዋጣም፣ ቀብድ የሰጠም እንዲያ ይላል። ሁለተኛ ጥያቄ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

አንቺ ጠይቂ። ብሩ ለምን ወጣ? በምን ሊመለስ ነበር? ማን መዘነ፣ ማን ጫነ? በስልክ የተጻጻፉት አለ? ባንክ የገባ አለ? የእውነት ብድር ሆኖ ካገኘሽው ደግሞ ሽያጭ አታስመስዪው። ቁርጡን ንገሪውና ወደ ሽማግሌ ይሂድ። የአገልግሎት ክፍያው ይቅርብሽ።

በነገራችን ላይ፣ የ1952ቱን ንግድ ሕግ መጽሐፌን እንዳትጥዪብኝ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ መጣ ብለው ብዙዎቹ ወርውረውታል። የመድንና የቼክ ነገር ግን ዛሬም እዚያው አሮጌው ውስጥ ነው።

ሰውየውን ቡሬ ስወርድ አሁንም አገኘዋለሁ። «ጠበቃዬ!» ብሎ ከሩቅ ይጠራኛል፤ ጠላ ካልጋበዝኩህ ይላል። እምቢ አልለውም። ግን አንድም ቀን ሂሳቡን አስከፍዬው አላውቅም።

አባትሽ