ልጅ ይዞ የመጣም እንግዳ ነው

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፤

ኢትዮጵያዊ አገሩን የመጎብኘት ልማድ የለውም ብሎ የወቀሰንን የባለፈው እትማችሁን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ልማዱ ያለን ሰዎች አለን። እኔና ባለቤቴ የትምህርት ቤቱን የአጋማሽ ዕረፍት ጠብቀን፣ ሁለቱን ልጆቻችንንና አማቴን ይዘን ከአዳማ ሐረር ደርሰን መጣን። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትንሿ አራት ሞልቷታል። ሐረርን ለማማት አይደለም የምጽፈው፤ ነገ ሂጂ ብባል እሄዳለሁ። ግን ጎብኚ ሲባል በሁሉም ሰው ልብ የሚመጣው ካሜራ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ብቻ ነው። ልጅ ያዘለ አገሬው ከቁጥር አይገባም።

ገና ማደሪያ ስንይዝ ነው የጀመረን። በስልክ ክፍል አለ የተባልንበት ቤት በር ላይ ልጆቹ ከባጃጅ ሲወርዱ ሲታዩ ክፍሉ ድንገት ተያዘ። ዘበኛው አፍሮ ሌላ ቤት ጠቆመን። እዚያ የተቀበሉን የሐረሪ እናት ቤታቸው የጥንቱ ዓይነት ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት፣ በእንጨት ጣባና በአበባ ሳህን ተሞልቷል። እኔ በሰቀቀን የሁለቱንም እጅ ጨምድጄ ስቆም፣ ሴትዮዋ «ልቀቂያቸው ልጄ፣ እኛም እዚሁ ነው ያደግነው» ብለው ነደባው ላይ አወጧቸው። ነደባ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራው ቀይ መደብ ነው፤ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ይቀመጥበታል። ቅላቱ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ለወደቁት የሐረር ሰዎች መታሰቢያ እንደሆነ ለልጄ የነገሩት እኚሁ እናት ናቸው፤ ቡና እየቆሉ፣ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ። ልጁ ከዚያ ወዲያ የገባንበትን ቤት ሁሉ ወለሉን እያየ «እዚህስ ማን ሞተ?» እያለ አሳፍሮናል።

አስጎብኚያችን ጨዋ ወጣት ነው፤ ሙያውንም ያውቃል። የከተማዋን ግንብ የሐረር ገዥ የነበሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት፣ በግንቡ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ እንደገባ፣ 82 መስጊድና 102 የወሊዮች ቦታ እንዳለበት ሳይተነፍስ ያወርደዋል። ልጄ መሀል ላይ «ጅቦቹ በየት ነው የሚገቡት?» አለው። ሳቅ አለና ወደሚቀጥለው በር አለፈ።

መልሱን የሰጠን ጎማ እየነዳ ሲከተለን የቆየ የሰፈር ልጅ ነው። ልጄን በእጁ ጠቅሶ ወሰደውና ከግንቡ ሥር ያለችውን ቀዳዳ አሳየው። ትልቅ ሰው አጎንብሶም አያልፍባትም፤ የታችኛው ድንጋይ ከመተሻሸት ብዛት ለስልሷል። ሌሊት ጅብ በዚያ ሾልኮ ገብቶ በየመንገዱ የተጣለውን ትርፍራፊ ለቅሞ ይወጣል። ትንሿ ተንበርክካ ጭንቅላቷን ከተተች። አማቴ «ኧረ በማርያም!» ብለው በቀሚሷ ጫፍ ጎትተው አወጧት። ልጄ «ዛሬም ይመጣሉ?» ሲል የሰፈሩ ልጅ «መቼ ቀርተው ያውቃሉ!» አለው። ልጆቼ ዛሬም ሐረር ሲባሉ የሚያወሩት ይህንን ነው።

የሚገርመው አስጎብኚው ወሬው ሞልቶታል። ማታ ሻይ ስንጠጣ ባለቤቴ ቢያጫውተው፣ ድሮ ሲመሽ የከተማዋ በሮች ተዘግተው ቁልፉ ለአሚሩ ይገባ እንደነበር ነገረን። ልጄ ዓይኑ ፈጠጠ፤ «ውጭ የቀረ ሰውስ?» ብሎ ያዘው። ታዲያ ቀን ለምን አልነገርከንም ብንለው «ማን ይጠይቀኛል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ፈረንጁ የሚጠይቀው ዓመተ ምሕረት ነው።

በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም በሚጠራው ሙዚየም፣ ራምቦ ቤት ደግሞ ልጆቹ ባለቀለሙን መስታወት አልፎ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቀይና ሰማያዊ ብርሃን እያሳደዱ ጥበቃውን አስቆጡት። አልፈርድበትም፤ የእንጨት ወለል ነው፣ አርጅቷል። (ገጣሚው ራሱ እዚያ ቤት አልኖረም፤ ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት የሚችል ካለ ይምጣ።) የሚዳሰስ ነገር ግን የትም አላየንም። በየሙዚየሙ አንድ ስፌት፣ አንድ አሮጌ ሳንቲም ለልጅ እጅ ቢፈቀድ ማን ይጎዳል? መቀመጫና መጸዳጃ ቤትማ አይነሳ። ትንሿን አቅፌ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ታች እየሮጥኩ፣ አንዲት ጨርቅ ሰፊ ጓሮዋን ባትከፍትልኝ ምን ይውጠኝ እንደነበር እንጃ።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ አየን። መጋቢው በስም እየጠራ አጭር እንጨት ላይ ሥጋ ያቀብላቸዋል፤ ሲመጡ ድምፅ የላቸውም። «ልጁም ይሞክር» ሲባል ዕድሜውን የጠየቀ የለም። እኔ አልፈቀድኩም። የፈራሁት ጅቡን ሳይሆን በባጃጅ መብራት ፎቶ ለማንሳት ከኋላ የሚገፋውን ሰው ነው። አንድ ገመድ ተዘርግቶ ልጆች ከፊት ቢቀመጡ ወጪው የገመድ ብቻ ነው።

ለቱሪዝም ቢሮዎቹም ለአስጎብኚ ማኅበራቱም የማቀርበው ይኸው ነው። እኛ ወላጆችም ብንሆን ሁሉንም በአንድ ቀን ለማሳየት ልጅ መጎተቱን እንተው። ጊድር መጋላ የሚባለው ገበያ ላይ ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቆ ሲበር ቆመን ያየንበት ቀን ሌላ የትም አልሄድንም፤ ሳምቡሳ በልተን ገባን፤ ማንም አላለቀሰም።

ለክረምቱ ጅማን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አስበናል። ልጅ ይዞ የሄደ አንባቢ ካለ መጸዳጃው የት ጋ እንደሆነና ከሰዓት ይከፈት እንደሆነ በዚሁ ገጽ ቢጽፍልን እናመሰግናለን።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ