ከካራቱ በፊት ማዕዘኑን እይ

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? እትዬስ ደህና ናቸው?

ጋሼ ያረፉ ጊዜ በስልክ ብቻ አጽናናሁህና ከዚያ ወዲያ ጠፋሁ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ልደውል ባልኩ ቁጥር «አሁን ምን ብዬ?» እያልኩ አሳደርኩት። ባደረ ቁጥር ኀፍረቱ ባሰ። ምክንያት አልደረድርልህም፤ ይቅር በለኝ።

ባለፈው እሁድ እህትህን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት። ሽማግሌ ልትልክ ነው አሉ! እንባዬ ነው የመጣው። ቀለበቱን ፕሪንሰስ ከት (ከላይ ሲያዩት ካሬ የሆነ) አልማዝ እንዳሰብከው ስትነግረኝ ግን ዛሬ ነገ ሳልል ልጻፍለት አልኩ። እኔም የገዛሁት እሱኑ ነው። ሳላውቅ ገዝቼ እስካሁን ይቆጨኛል።

«አንድ ካራት ይሁን» ብዬ ነው ሱቅ የገባሁት። ሻጩ 1.01 አወጣልኝ፤ ቁጥሩን ሰምቼ ከፈልኩ። ካራት ክብደት እንጂ ስፋት አይደለም፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ነው። የኔው አልማዝ ጥልቀቱ የስፋቱን 80 በመቶ ነበር። ክብደቱ ወደ ታች ወርዶ ቀለበቱ ውስጥ ተደብቋል። ከላይ ጎኑ 5.3 ሚሊ ሜትር ነው። ጥልቀቱ 72 በመቶ ገደማ የሆነ 0.90 ካራትም ከላይ ያንኑ ያህላል። ዋጋው ደግሞ ልክ 1.00 ላይ ሲደርስ ይዘላል። ማንም ለማያየው ክብደት ከፈልኩ።

ስለዚህ ከአልማዙ ጋር የሚሰጡህ የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ሚሊ ሜትሩን እይ። ርዝመቱ ለስፋቱ ሲካፈል ከ1.05 ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ካሬነቱን እያጣ ይሄዳል። ለክብ አልማዝ የሚሰጠውን ዓይነት የአቆራረጥ ደረጃ ጂአይኤ (አልማዝ መርምሮ ሪፖርት የሚጽፈው ተቋም) ለፕሪንሰስ አይሰጥም፤ የምታገኘው የፖሊሽ (የገጹ ልስላሴ) እና የሲሜትሪ (የቅርጹ መመጣጠን) ውጤት ነው። ቀሪውን ዓይንህ ይሥራው። ከሱቁ መብራት ራቅ አድርገህ መስኮት አጠገብ እየው። ከክቡ ረከስ ማለቱ አያስደንግጥህ። ጥሬው አልማዝ ብዙ ጊዜ መሠረታቸው የተጋጠመ ሁለት ፒራሚድ ይመስላል፤ መሀሉ ላይ ለሁለት ሲቆረጥ ከካሬው ቅርጽ ጋር ይስማማል፣ ብዙም አይባክንም።

ዋናው ነገር ግን ማዕዘኖቹ ናቸው።

አልማዝን የሚጭረው አልማዝ ብቻ ነው። ሲመታ ግን ይሰበራል፤ የፕሪንሰስ አራት ሹል ጫፎች ደግሞ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። የፋሲካ ዕለት ባለቤቴ ቡና ስትወቅጥ እጇ ከሙቀጫው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ማታ እጇን ስትታጠብ «ይቺ ነገር ሹራቤን እየያዘች ነው» አለችኝ። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። አንዱ ማዕዘን የለም። ሹል የነበረው እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ሻካራ ሆኗል።

የወሰድኩለት ወርቅ ሠሪ በአጉሊ መነጽር አየና ሪፖርቱን አምጣ አለኝ። ከመሳቢያ አውጥቼ ወሰድኩለት። አልማዙን ከላይ የሚያሳየው ሥዕል ላይ፣ እዚያው ማዕዘን አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ምልክት አለች። የውስጥ እንከን ማለት ነች። ገና ስገዛው እጄ ላይ ነበረች፤ አላየኋትም። አልማዙን ቀለበቱ ላይ የያዙት የብረት ጥፍሮችም ተራ ክብ ጥፍሮች ነበሩ፣ ጫፉን አልሸፈኑትም። አንተ ማዕዘኑን እንደ ቪ ፊደል ግራና ቀኝ የሚያቅፍ ጥፍር እንዲያደርጉልህ ጠይቅ። ሥዕሉ የሌለበት አጭር ሪፖርት ከሰጡህም ሙሉውን አምጡ በል። መሀል ላይ ያለች ትንሽ እንከን በብልጭታው ውስጥ ትጠፋለች፤ ማዕዘን ላይ ያለችውን ግን አትቀበል።

ቀለሙ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስ። ቀለበቱ ቢጫ ወርቅ ከሆነ ጂ ወይም ኤች የሚባለው የቀለም ደረጃ ይበቃሃል። በላብራቶሪ የተሠራውም እውነተኛ አልማዝ ነው፤ በብዙ ይረክሳል። እሱን ካሰብክ ግን ለእሷ ንገራት፣ አብራችሁ ወስኑ።

ባለቤቴ በዚያ ቀን ምንም አላለችኝም። ቀለበቱን ዛሬም እንደዚያው ታደርገዋለች። እኔ ግን እጇን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያች ማዕዘን ላይ ነው የሚያርፈው።

ሳትከፍል የመረጥከውን ሪፖርት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ እደውላለሁ። ስለ ጋሼም ታጫውተኛለህ። የመጨረሻ ቀናቸው እንዴት እንደነበር ሳልጠይቅህ ቀረሁ።

ወንድምህ