ክረምት ሳይገባ ጣሪያችንን አድሱልን፦ ለደም ካንሰር ታማሚዎች ማረፊያ የድጋፍ ጥሪ

ወገኖቼ፣ ስለ አንድ ጣሪያና ስለ ሁለት ግድግዳ ልለምናችሁ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ክፍል ያለው ግቢ ተከራይተናል። የምናስተዳድረው እኛው አስታማሚዎች ነን። ለደም ካንሰር ሕክምና ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ሰዎች ያርፉበታል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከባሌ የመጡ አሉ። ሆስፒታል የሚያስተኛቸው ሕመም የላቸውም። ግን ከሐኪማቸው ርቀው መሄድም አይችሉም። ቤቱ የጭቃ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ጣሪያው ያፈስሳል። የሁለቱ ክፍሎች ግድግዳም ከታች ሻግቷል። ጤነኛ ሰው አይቶ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። የእኛ እንግዶች ግን እሱን ሲተነፍሱ ያድራሉ።

ምን እንደሚያስከትል በአባዬ አይቼዋለሁ።

አባዬ ሲኤልኤል የሚባለው የደም ካንሰር አለበት። ሐኪሙ ኢብሩቲኒብ አዘዘለት። እህቴ ከአሜሪካ ላከችለት። እንደ ኬሞ ጸጉር አያረግፍም፤ በየቀኑ ይዋጣል፣ አለቀ። አንገቱ ላይ ያበጡት ዕጢዎች ብዙም ሳይቆዩ ጠፉ። ቤት ሙሉ እልል አልን። «ክኒን እኮ ነው» እያልን ቀለል አድርገን አየነው። አባዬ ገበሬ ነው፤ ወደ ቀዬው ተመለሰ። ድርቆሽ ሲከምር፣ ገለባ ሲያነሳ ዋለ። በሦስተኛው ወር ሳል ጀመረው።

ቲቢ ነው ተባለ። ማንንም አልወቅስም። ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ሲመጣ በእኛ አገር ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው። ነገር ግን ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ ሪፋምፒሲን ነው። እሱ ደግሞ የካንሰሩን ክኒን መጠን ከደም ውስጥ በጣም ያወርደዋል። ሳሉ ሳይለቀው ዕጢው ተመልሶ ማበጥ ጀመረ። ሲቲ ስካን ተነስቶ፣ ከሳንባው ናሙና ተወስዶ ነው አስፐርጊለስ የሚባል ፈንገስ መሆኑ የታወቀው።

ይህ ፈንገስ የሌለበት ቦታ የለም። ድርቆሽ ላይ፣ ፍግ ላይ፣ የረጠበ ግድግዳ ላይ፣ የግንባታ አቧራ ውስጥ አለ። ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን። ሳንባችን ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሴሎች ስለሚውጡት አይታወቀንም። ኢብሩቲኒብ የሚሠራው ቢቲኬ የተባለን ፕሮቲን በመዝጋት ነው። የካንሰሩ ሴል ያለ ቢቲኬ መኖር ይከብደዋል። ችግሩ፣ ፈንገሱን የሚውጡት ሴሎችም ለሥራቸው ይህንኑ ቢቲኬ ይፈልጉታል። ክኒኑ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተፈቀደ በኋላ ሐኪሞች ነገሩን አስተዋሉ። ፈንገሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። አንዳንዴ አንጎል ድረስ ይደርሳል። ስቴሮይድ አብሮ የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። እንግዶቻችን እኛ ጋ የሚቆዩት በእነዚያው ወራት ነው።

እባካችሁ ይህን አንብቦ ክኒኑን የሚያቆም ሰው እንዳይኖር። ሁሉም ክኒን አንድ አይደለም። ሲኤምኤል የሚባለው ሌላ ዓይነት የደም ካንሰር ያለባቸው ወገኖቻችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት በነፃ ያገኙት ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን ላይ ይህ አደጋ ከኢብሩቲኒብ በጣም ያነሰ ነው። የሚያሰጋችሁ ነገር ካለ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሳል ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን አትደሩበት፤ ወዲያውኑ ሂዱ። የምትወስዱትን ክኒን ስም ለሚያያችሁ ሐኪም ሁሉ ንገሩ።

ሕክምናውም ቀላል አይደለም። በየፋርማሲው የምናውቀው የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞል አስፐርጊለስን አይነካውም። ለአባዬ የታዘዘለት ቮሪኮናዞል ነው፤ ውድ ነው፣ ፈልጎ ማግኘቱም አሳር ነበር። እሱ ደግሞ የካንሰሩን ክኒን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ነበረበት። አባዬ ዛሬ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድርቆሹን ግን ወንድሜ ነው የሚከምረው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልመለስ። አከራያችን እናት ለሦስት ዓመት ኪራይ ላይጨምሩብን ቃል ገብተዋል። እድሳቱ ግን የእኛ ነው። ጣሪያው 40 ቅጠል ቆርቆሮ ይፈልጋል። የሻገተው ግድግዳ ተፈቅፍቆ እንደገና ይለሰናል። ውሃው ወደ መሠረቱ እንዳይገባ በጓሮ በኩል ቦይ ይቆፈራል። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም በዓይነት ብታመጡልን ደስ ይለናል። ገንዘብ ከ100 ብር ጀምሮ እንቀበላለን። ሂሳቡ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ደረሰኙን ሁሉ ግቢው በር ላይ እንለጥፋለን፤ መጥታችሁ እዩት።

ከእድሳቱ የሚተርፈውን ገንዘብ ለሲቲ ስካንና ለቮሪኮናዞል የመጀመሪያ ቀናት እናስቀምጠዋለን። ብድር እስኪገኝ፣ በሬ እስኪሸጥ ድረስ የሚባክኑት ቀናት ናቸው ሰው የሚወስዱት። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ኤን95 ማስክ በሻንጣችሁ ብትልኩልን ትልቅ ነገር ነው። ተራው የጨርቅ ማስክ አቧራውን አያስቀርም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱ ከገንዘቡም በላይ ያስጨንቀኛል። የሻገተ ግድግዳ ሲፈቀፈቅ ፈንገሱ ቤቱን ይሞላዋል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር አንድም ታማሚ ግቢው ውስጥ መኖር የለበትም። ግንበኛው ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብሎናል። ዘጠኝ ታማሚዎች ከነአስታማሚዎቻቸው አሉን። ደረቅ ክፍል ያላችሁ፣ አጠገባችሁ ግንባታ የሌለ፣ ለ15 ቀን አንድ ሰው ማሳደር የምትችሉ ቤተሰቦች እባካችሁ ንገሩን። ምግቡን እኛ እናመጣለን፣ ወደ ሆስፒታል የምናመላልሰውም እኛ ነን። ከእናንተ የምንጠይቀው ንጹሕ አልጋ ነው። እነሱ ባሉበት ቀናት ደግሞ ቄጠማ አትጎዝጉዙ፣ በርበሬና እህልም ቤት ውስጥ አታስነፍሱ። እስካሁን ለአራቱ ቤት አግኝተናል።