ባለ 21ዱን ይለጥፉ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ኮምቦልቻ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ የሲጋራ ነገር ባነሣሁ ቁጥር ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋና ጦሳ ላይ ወደ ጣለው ዝናብ ይወስዱብኛል። ወረቀት ግን ወሬ አይቀይርም። መነጽርዎን አድርገው ያንብቡት፤ እምቢ ካሉም እማዬ ጮክ ብላ ታነብልዎታለች።

ወንድሜ ከጅዳ የላከው ዕቃ ደርሶኛል። ሲጋራ ለማቆም የሚረዱ ሦስት ዓይነት የኒኮቲን ፕላስተርና ሁለት ዓይነት የኒኮቲን ማስቲካ ነው፤ ኒኮቲን ማለት ሲጋራው ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ነገር ነው። ፕላስተሮቹ ላይ 21፣ 14 እና 7 ሚሊ ግራም፣ ማስቲካዎቹ ላይ 4 እና 2 ሚሊ ግራም ይላል። እርስዎ ግን ዕቃውን ገና ሳያዩት «ከትንሹ እጀምራለሁ፤ መድኃኒት ሲያንስ ነው ደጉ» ማለትዎን ሰማሁ። ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ይኸው ነገር ነው። እዚህ ላይ ማነሱ ደግ አይደለም፤ ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው ከሚያስፈልገው በታች እየወሰደ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነት የሚገባው ኒኮቲን አንድ ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ ሰው እንግዲህ ከ20 ሚሊ ግራም የማያንስ ለምዷል ማለት ነው። ይህ ሰው ባለ 7ቱን ቢለጥፍ ከለመደው ሲሶውን ብቻ ያገኛል። እስከ ቀትር ሲነጫነጭ ይውላል፣ ከጎረቤት ይጣላል፣ ማታ ይለኩስና «ፕላስተር የሚባለው ነገር ውሸት ነው» ይላል። ባለ 21ዱ ግን ያንኑ የለመዱትን ያህል ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ በቆዳ በኩል ያስገባል።

ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው ዕድሜዎ ወይም ወኔዎ ሳይሆን አጫጫስዎ ነው። መለያው በቀን 10 ሲጋራ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያጨስ በ21 ይጀምራል፣ 10 እና ከዚያ በታች የሆነ በ14። ለሐኪሙ «ሰባት ስምንት» ሲሉ አጠገብዎ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። እማዬ ፊት የሚጨሱት ሰባት ስምንት ይሆናሉ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሻይ ቤት ውስጥ ማጨስ ስለተከለከለ ሸዋ በር ካለው ሻይ ቤት ደጃፍ በደሴ ብርድ ቆመው የሚያጨሱትስ? ዱዓው ላይ ከጫቱ ጋር የሚሄዱትስ? ሌሊት ለሽንት ተነሥተው የሚለኩሷትስ? እኔ ስቆጥረው ከፓኬት ብዙም አያንስም። ፕላስተር ይሉኝታ አያውቅምና እውነተኛውን ቁጥር ይንገሩት።

የማስቲካው መጠን የሚመረጠው ደግሞ በሌላ ጥያቄ ነው፤ ከእንቅልፍ ነቅተው የመጀመሪያዋን ሲጋራ እስኪለኩሱ ምን ያህል ይቆያሉ? ሌሊት ሰውነት ውስጥ ያለው ኒኮቲን እየቀነሰ ያድራል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ የበረታበት ስለሆነ 4 ሚሊ ግራሙ ነው የሚገባው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚታገሥ 2ቱ ይበቃዋል። እርስዎ ለሱብሂ ይነሣሉ፣ ይሰግዳሉ፣ መስገጃው ሳይታጠፍ ላይተሩ ይሰማል። መልሱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

«ረመዳንን ቀኑን ሙሉ ሳላጨስ እውል የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ይውላሉ፤ ጽናትዎን የሚክድ የለም። ነገር ግን መግሪብ ሲደርስ ተምሩን በቀኝ እጅ፣ ላይተሩን በግራ እጅ ይዘው አዛን የሚጠብቁትም እርስዎ ነዎት። የአሰብ መስመር ሾፌር ሆነው በባቲ ወርደው ወደ ሚሌ ሌሊቱን ሲነዱ እንቅልፍ ለማባረር የጀመሩት ነገር ስለሆነ አልወቅስዎትም፤ ያሳደገንም ያ መንገድ ነው። አሰብ ከተዘጋ ግን ዘመን ተቆጠረ። አሁን ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ የሚሉት እርስዎ ነዎት!

ባለ 21ዱን ለስድስት ሳምንት ይለጥፋሉ፤ ቀጥሎ ባለ 14ቱን ለሁለት ሳምንት፣ በመጨረሻ ባለ 7ቱን ለሁለት ሳምንት። ያ የወደዱት ትንሹ ተራው የሚደርሰው ያኔ ነው። ሲነጋ ንጹሕ፣ ደረቅና ፀጉር የሌለበት ቆዳ ላይ፣ ለምሳሌ ክንድዎ ላይ ከላይ በኩል ይለጥፉት፤ በማግስቱ ቦታ ይቀይሩ። ቆዳው ትንሽ ቢያሳክክ አይደንግጡ። ሌሊት ሕልሙ ከበዛብዎት ሊተኙ ሲሉ ያንሡት። ከሁሉ በላይ በመቀስ አይቁረጡት። «21ን ለሦስት ብከፍለው 7፣ 7፣ 7 ይወጣል» የሚል ቁጠባ እንደሚመጣብዎት ስለማውቅ አስቀድሜ እየተናገርኩ ነው።

ፕላስተር ዘገምተኛ ነው፤ ሙሉ ኃይሉን ለማግኘት ሰዓታት ይወስድበታል። የሲጋራ ኒኮቲን ግን አንጎል የሚደርሰው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ አምሮቱ ድንገት ሲነሣብዎት ማስቲካውን ይጨምሩበት። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ እንደሚሠራ በጥናት የታወቀ ነው። ማስቲካውን ግን እንደ ልጆች ማስቲካ አያላምጡት። ቀስ ብለው አኝከው ምላስ ላይ ቆንጠጥ ሲያደርግ ጉንጭዎ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ያኝኩና ወደ ሌላው ጉንጭ ያዙሩት። አንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ጫት በጉንጩ ይዞ ለሚውል ሰው ይህን ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ምራቁን ቶሎ ቶሎ ከዋጡት ግን ስቅታና ቃር ይዞ ይመጣል። ማስቲካው በረመዳን ቀን እንደማይሆን ለእርስዎ አልነግርም፤ ስለ ፕላስተሩ ግን ጾሙ ሳይገባ ሼኹን ይጠይቁልኝ።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ እማዬም ይህን ትስማ። ቡና አፍ ውስጥ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ስለሚያደርግ ማስቲካውን ከማኘክዎ 15 ደቂቃ በፊትና እያኘኩ ሳለ ቡናም ለስላሳም አይጠጡ። ሌላም ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል፤ ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ሲጋራው ሲቆም ያው የለመዱት ቡና ደም ውስጥ እስከ ሁለት እጥፍ ሊጠራቀም ይችላል። ከዚያ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ጥፋቱም በፕላስተሩ ላይ ይደፈደፋል። በረካው ቀጭን ስለሆነ አይቅርብዎ፤ አቦሉን ነው በግማሽ ስኒ ማድረግ።

«ኒኮቲን ያው መርዝ አይደለም ወይ?» ላሉት፣ ሱስ የሚያስይዘው እርሱ ነው፤ ሳንባዎን ያጠቆረው ግን የጭሱ ሬንጅና ጋዝ ነው። ፕላስተሩ ውስጥ ጭስ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ያለ ነገር አይደለም።

መጠኑ መብዛቱን ሰውነትዎ ይነግርዎታል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን ከመጣ በዝቷል ማለት ነውና ለሐኪሙ ነግረን እንቀንሳለን። ቁጣ፣ መቅበጥበጥና የማያቋርጥ አምሮት ከሆነ ግን አንሷል። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያገኘው፣ የልብ ምቱ የተዛባ ወይም የደረት ሕመሙ እየባሰ የመጣ ሰው ሐኪም ሳያይ እንዳይጀምር ስለሚባል፣ ለግፊትዎ በሚሄዱበት ቀን ፓኬቶቹን ይዘን እናሳያለን። እኔም አብሬ እገባለሁ፤ ቁጥሩን የምናገረው እኔ ነኝ።

አንዲት ሲጋራ ብታመልጥዎት «ፈረሰ» ብለው ሁሉንም ቆሻሻ ላይ አይጣሉት፤ ፕላስተሩን እንደለጠፉ ይቀጥሉ።

ዕቃውን ለሚኒባስ ረዳት አደራ አልሰጥም፤ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ሀረጎን ወጥቼ ራሴ አመጣዋለሁ። እማዬ ከሕፃናቱ እጅ የራቀ ቦታ ታዘጋጅ። የተነሣው ፕላስተርም ውስጡ ብዙ ኒኮቲን ስለሚቀር ተጣባቂውን ፊት ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ጣሉት፤ የእኅቴ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ግንባሩ ላይ ይለጥፋል።

ልጅዎ፣
ከኮምቦልቻ